በየእሑዱ የሚጠራ ስም

አባቷ በግራ እጁ ብርጭቆውን ገፋው። አጥሚቱ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ፤ ብርጭቆው ከአልጋው ጠርዝ ተንከባሎ ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ።

«ማክሰኞ» አለ አባቷ።

ኤዶም ቆማ አየችው። ውሃ አቅርባለታለች፣ ትራሱን ከፍ አድርጋለታለች፣ መስኮቱን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች፣ ሬዲዮኑን ሁለት ጊዜ ቀይራለታለች። ከእነዚህ አንዱንም አልፈለገም። ቀኝ እጁ እንደተለመደው ደረቱ ላይ ተጣጥፎ ተኝቷል፤ የከንፈሩ ቀኝ ጎን ወደ ታች ወርዷል፤ ዓይኖቹ ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ናቸው፤ የሚፈልገውን በደንብ ያውቃሉ።

«ማክሰኞ» አለ እንደገና፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «ምንድን ነው የምትፈልገው አባዬ? ምን ላድርግህ?»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ ሽታው ደረሳት። ፖፖ ነበር የፈለገው። እሱን ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲታገል ቆይቶ አሁን አመለጠው። ኤዶም ወደ ጎረቤት ሮጣ እትዬ ወርቅአፈራሁን ጠራች፤ አሮጊቷ ውሃ አሙቀው ገቡና አባቷን አጥበው አንሶላውን እስኪቀይሩ እሷ ግቢው ውስጥ የብርጭቆውን ስብርባሪ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ጠበቀች። ስትመለስ አባቷ ያለ ድምፅ እያለቀሰ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

ሉልሰገድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ፒያሳ ውስጥ፣ ሦስት ወንበር ባላት ጠባብ ሱቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለወሬው ነበር የሚመጣው። አፉ አያርፍም። ኳሱን፣ ፖለቲካውን፣ የሰፈሩን ሠርግና ፍቺ እያነሳ ሱቁን በሳቅ ይሞላዋል፤ ደንበኛ ሲያንስ ደግሞ መቀሱን ይዞ መዝሙር ያንጎራጉራል። ጻድቅ የሚባል ዓይነት ሰው አልነበረም። እሑድ ቅዳሴ የሚደርሰው አጋማሹ ላይ ነው። ማታ ማታ ግን፣ ምንም ቢደክመው፣ ሚስቱንና ልጁን ወደ ምሥራቅ አቁሞ ጸሎት ያደርሳል፤ «አሜን» ከማለቱም በዚያው ትንፋሽ እራት ይጠይቃል። ኤዶም ልጅ ሆና «አሜን፣ እራት» አንድ ቃል ይመስላት ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ደንበኛ አንገቱ ላይ ፎጣ እንዳሰረ፣ መቀሱ ከሉልሰገድ እጅ ወደቀ። ከዚያ እሱ ወደቀ። ሐኪሙ በአንጎሉ ውስጥ ደም እንደፈሰሰና በግራ በኩል ንግግር የሚያዘው ክፍል ክፉኛ እንደተጎዳ ነገራቸው። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀም። ሲርበውም፣ ሲያመውም፣ ሚስቱን ሊጠራ ሲፈልግም ማክሰኞ ነው። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ እንደገና እንዲህ ቢደርስበት እንደማይተርፍም ተነግሯቸዋል።

ኤዶም የጊዮርጊስ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ናት። አባቷ ሆስፒታል በተኛባቸው ቀናት እንደዚያ ጸልያ አታውቅም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ለጥምቀት አፉ ይፈታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን ይጥራ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም ብላ ተሳለች። ጥምቀት መጣ፤ ታቦቱ ወጣ፤ ታቦቱ ገባ። አባቷ በመስኮቱ በኩል እልልታውን እየሰማ «ማክሰኞ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዶም ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም።

እናቷ ግን ይህን አታውቅም። ወይዘሮ የሺ ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ ደግሞ ባሏን የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች ከቤት አትወጣም። ኤዶም ነጠላዋን ለብሳ ትወጣና ወደ ጓደኛዋ ወደ ሰልዋ ቤት ትሄዳለች። የሰልዋ እናት ወይዘሮ ዐፊፋ ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ኤዶም እዚያ ሻይ እየጠጣች ሰዓቱ እስኪደርስ ትቆያለች።

ውሸቱ በዚያ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። አንድ እሑድ ከዚያው ስትመለስ እናቷ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ልብስ አጥባ እጇ ተላልጧል። ስለ አባቷ የጠየቀ ሰው አለ ወይ ብላ ኤዶምን ጠየቀቻት። ኤዶም የእናቷን ፊት አየች። የለም ማለት አልቻለችም። ቀሲስ ዘርዓብሩክ በቅዳሴው ላይ ስሙን ጠርተው ጸለዩለት አለች።

የእናቷ ፊት ላይ የሆነ ነገር ተፈታ። የዚያን ቀን ምሳ በላች። በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ቀድማ ጠየቀች፤ ኤዶምም ደገመችው። በሦስተኛው ሕዝቡ ሁሉ አሜን አለ ብላ ጨመረች። እናቷ ይህን ሁሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለአባቷ ትነግረዋለች፤ እሱም ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል። ኤዶም ያንን ላለማየት ወደ ጓዳ ትገባለች።

ብርጭቆው በተሰበረበት ዕለት ማታ እናቷ አንሶላውን አጥባ እያሰጣች ለዚህ እሑድ እትዬ ወርቅአፈራሁን እንደለመነች ነገረቻት። እሳቸው ሉልሰገድን ይጠብቃሉ፤ እሷ ከኤዶም ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።

«ቀሲስን ማመስገን አለብኝ» አለች። «ሰው እንደዚህ አስቦልን እኔ አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን ልስም አልሄድኩም። ያሳፍራል።»

ኤዶም መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ አቀበለቻት።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሰልዋን ለመነቻት። ነገሩ ቀላል ነው አለቻት። እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስልክ ትደውላለች፤ እናቴ በድንገት ታመመች፣ ድረሱልኝ ትላለች። የኤዶም እናት ወይዘሮ ዐፊፋን ስለምትወድ ሁሉን ትታ ትሮጣለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይቀራል።

ሰልዋ መንገዱ መሀል ቆመች። «አቦ አትፎግሪኝ» አለች በመጀመሪያ። ከዚያ የኤዶምን ፊት አይታ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። «በእናቴ ጤና አልዋሽም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አንድ ጊዜም ቢሆን።» ሰልዋ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር። እናቴ ሶላት በሰገደች ቁጥር ለአባትሽ ዱዓ ታደርጋለች። አንቺ እኛ ቤት ሻይ ስትጠጪ እሷ ጓዳ ሆና ስሙን ትጠራለች። ለእናትሽ ደውዬ አሁን ይህን ልዋሽ?»

ኤዶም ተናደደች። የሚያናድዳት ግን ሰልዋ እንዳልሆነች እየታወቃት ነበር። እስከ ሠራተኛ ሰፈር መታጠፊያ ድረስ አብረው ሄዱ፤ እዚያ ተለያዩ።

የቀራት አንድ መንገድ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ጊዮርጊስ ሄደች። ቀሲስ ዘርዓብሩክ ከግቢው ዛፎች በአንዱ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሱ ነበር። መስቀላቸውን አሳለሟት። ከጥምቀት ጀምሮ እንዳላዩአት ነገሯት፤ ለምን ብለው ግን አልጠየቁም። ኤዶም ያሰበችው አጭር ነገር ነበር፤ እሑድ እናቴ ስታመሰግንዎ እሺ ብቻ በሉልኝ ልትል። አፏን ስትከፍት ግን ሁሉም ወጣ። ፖፖውም፣ ብርጭቆውም፣ ስለቱም፣ ማክሰኞውም፣ ውሸቱም።

ቀሲስ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ጸልያለሁ ብዬ ለእናትሽ አልነግራትም፤ አልጸለይኩማ» አሉ። «መታመሙንም አሁን ከአንቺ ነው የሰማሁት። ከዚህ እሑድ ጀምሮ ግን እጸልያለሁ። የክርስትና ስሙ ማነው?»

ኤዶም አሰበች። «ሉልሰገድ ነው የሚባለው።»

«እሱ የሰፈሩ ነው። በጸሎት የሚጠራው የተጠመቀበት ስም ነው።»

አታውቀውም ነበር። በየማታው ጸሎት ላይ አጠገቡ ቆማ አድጋለች፤ የክርስትና ስሙን ግን ጠይቃው አታውቅም።

«እናትሽን ጠይቂና ነገ አምጪልኝ» አሉ ቀሲስ።

እናቷን መጠየቅ ማለት ሁሉን መናገር ማለት ነው። ቀሲስ በየእሑዱ የሚጠሩትን ስም ልጅቷ ለምን ትጠይቃለች? ኤዶም ለመሄድ ተነሳች፤ ነገር ግን መልሳ ተቀመጠች።

«አባ፣ አባዬ ይድናል?»

«አላውቅም ልጄ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምንጸልየው?»

ቀሲስ ባለቤታቸው ስድስት ዓመት ታመው እንዳረፉ ነገሯት። እሳቸው በየቀኑ እንደጸለዩላቸው፣ ባለቤታቸው ግን እንዳልዳኑ ነገሯት። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ስለ ማንኛውም ነገር ሲያወሩ እንደሚሆነው ነበር።

«አብረን የጸለይን ጠዋት ደስ ብሎኝ ከቤት እወጣ ነበር» አሉ። «እሷም ደስ ብሏት ትቀር ነበር። ሕመሙ ያው ነው፤ ነገም ያስፈራል። ግን ደስ ይለን ነበር። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስረድቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ በቃ።»

ቤት ስትደርስ እትዬ ወርቅአፈራሁ ወጡ፤ እሷና አባቷ ብቻ ቀሩ። ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ኤዶም አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የአባቷን ግራ እጅ ያዘች። ከረቡዕ ወዲህ ዓይኑን በደንብ አላየችውም።

«አባዬ፣ ስለጮህኩብህ ይቅርታ።»

እጇን ጨመቀው።

«የክርስትና ስምህ ማነው?»

አባቷ አፉን ከፈተ። ሊናገር እንደፈለገ፣ ስሙን እንደሚያውቀው፣ ጫፉ ላይ እንደደረሰ ያስታውቅ ነበር። «ማክሰኞ» አለ።

ተያዩ። መጀመሪያ ፈገግ ያለው እሱ ነበር፣ በግማሽ አፉ። ከዚያ ኤዶም ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። ከኅዳር ወዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ የሳቀም፣ ድምፅ አውጥቶ የጸለየም ሰው አልነበረም።

ሳቁ አለፈ። ከዚያ ተነስታ ወደ ምሥራቅ ዞረች። ለአባቷ ብላ አልነበረም፤ እግዚአብሔር እንዲሰማትም አልጠበቀችም። ቀሲስ ያሉት እውነት መሆኑን ለማወቅ ብቻ ፈለገች። አማተበች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች።

«በሰማያት የምትኖር» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የፀጉር ቤቱ ድምፅ ነበር። ትንሽ ሻክሯል፣ ትንሽ ይንተባተባል፤ ግን የአባቷ ድምፅ ነው። ኤዶም ካቆመች የሚቆም መስሏት አላቆመችም፤ ዞራም አላየችውም። ቀጠለች። እሱም ቀጠለ። ስለ ዕለት እንጀራ የሚለው ጋ ደረሱ፤ ይቅር በለን የሚለው ጋ ደረሱ። አንድም ቃል አልቀረበትም። «አሜን» ብለው ሲጨርሱ ዞረች። አባቷ በእንባ ርሶ ይስቃል።

«አባዬ! ስሜን ጥራኝ። ኤዶም በል።»

«ማክሰኞ» አለ።

እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተከተላት፤ እስከ መጨረሻው። ሲያበቃ የተመለሰው ያው ማክሰኞ ነው። ጥምቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ልቧን ይሰብረው ነበር። አሁን ግን ደረቷ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ያንን ድምፅ እንደገና ሰምታዋለች፤ የሰማችውም ከእሱ ጋር እየጸለየች ነው። ሦስተኛውን ሲጀምሩ በሩ ተከፈተ። እናቷ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላውን እንዳደረገች፣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጸሎቱ ሳያልቅ አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ሲያልቅ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ነበር። እናቷ አባቷን ሳመችው፤ ኤዶምን ሳመቻት፤ እትዬ ወርቅአፈራሁን ጠራች፤ ሆስፒታል ሳለ አባቷን ትከታተል ለነበረችው ነርስ ደወለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ተናገረች፤ ቀጥሎ ብዙ አዳመጠች፤ ድምፅዋም እየቀነሰ ሄደ። ነርሷ ይህ አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ እንደሚታይ ነግራታለች። ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎትና መዝሙር ንግግር ሲጠፋም ሊተርፍ ይችላል፤ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ንግግሩ ሊመለስ ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ አደጋውም እንዳለ ነው ብላታለች።

እናቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እትዬ ወርቅአፈራሁ ቀስ ብለው ወጡ።

«ቢሆንም» አለች እናቷ፤ ለራሷ የምትናገር ትመስላለች። «ቢሆንም፣ በከንቱ አልቀረም። ቀሲስ በየእሑዱ ስሙን እየጠሩት ነው ይህቺም የተገኘችው። እሑድ እግራቸው ላይ ነው የምወድቀው።»

ኤዶም አባቷን አየች። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። ዝም ማለት ትችላለች። ነገ ስሙን ከሆነ ቦታ ፈልጋ ብታገኝ፣ ቀሲስን ብትለምን፣ እናቷም ይህን ደስታ ይዛ ትተኛለች። አሁን መንገር በጨለማ ቤት ያለችውን አንድ ሻማ እፍ ማለት መሰላት። ግን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር እውነት ነበር። ማንም አልፈጠረውም። ውሸቷን ከዚያ አጠገብ ማስቀመጥ አልሆነላትም።

«እማዬ፣ የአባዬ የክርስትና ስም ማነው?»

«ምን ያደርግልሻል? ቀሲስ ያውቁት የለ።»

«አያውቁትም» አለች ኤዶም። «ዛሬ ነው የጠየቁኝ።»

ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣቷ እያለሰለሰች ቆየች።

«ስለዚህ በየእሑዱ ማንም አልጸለየለትም» አለች።

«የሰልዋ እናት ብቻ። እኔም ትቼ ነበር።»

እናቷ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። ኤዶም ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ የሰማችው የቧንቧ ውሃ ድምፅ ብቻ ነው። እናቷ ስትመለስ ፊቷ ርጥብ ነበር፤ በታጠበችው ይሁን በሌላ አይታወቅም። ኤዶምን አላቀፈቻትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔም አቁሜያለሁ» አለች ዝቅ ብላ። «ከገና ጀምሮ። አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ትሄጃለሽ፣ ቀሲስ አሉ፣ በእናንተ ይበቃል ብዬ ነበር።»

ሁለቱም ወደ ሉልሰገድ ዞሩ። እሱ ግራ እጁን በብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ ሚስቱን ይጠብቅ ነበር። እጁን ያዘችው።

«ወልደ ገብርኤል ነው ስሙ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ገና አኩርፋት ነበር፤ ሻዩን ቀድታ ሰጠቻት እንጂ አላናገረቻትም። አባቷ ሌሊቱን ሲያስል አድሮ ደክሞ ተኝቷል። ኤዶም ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ የሰልዋን ቤት መታጠፊያ አልፋ ሽቅብ ወጣች።

ቀሲስ ዘርዓብሩክ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ገጾቹ በስም የተሞሉ ነበሩ፤ አንዳንዱ ስም በጣም አሮጌ ከመሆኑ የተነሳ ቀለሙ ደብዝዟል። ወልደ ገብርኤል ብለው ጻፉ። እናቷ ነገ ትመጣ እንደሆነ ጠየቋት። ኤዶም እንደማታውቅ ነገረቻቸው፤ የእናቷንም ስም እንዲጽፉላት ለመነቻቸው። ወለተ ሥላሴ ስትላቸው ከሥር ጻፉት።

ደብተሩን አልዘጉትም።

«የአንቺስ?» አሉ።

ከአዳራሹ በኩል የመዘምራኑ ከበሮ መመታት ጀምሯል። ኤዶም የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፤ ፈታችው።

«ጽጌ ማርያም» አለች፤ ብዕራቸው ወረቀቱን እስኪነካም ቆማ ጠበቀች።